በንጹሕ አየር የተነገረ ቃል

በዘይት ፋብሪካው ውስጥ ላቦራቶሪስቷን በስሟ የሚጠራት የለም። አባቷ ገና አፍ ስትፈታ ያወጣላት ቅጽል እስከ ሥራ ቦታዋ ተከትሏት መጥቶ «ወይዘሪት ለምን» ተብላ ቀረች። አልተበሳጨችበትም። ጨው ለምን እንደሚሟሟ፣ ድመት ለምን እንደምታንኮራፋ፣ ጎረቤቶቻቸው ለምን እንደተጣሉ ሳታውቅ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ነበረች፤ አድጋም ያው ናት። ስምንት ወር ሙሉ ለፍታ ለፍታ ያልደረሰችበት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በያጁ።

በያጁን ሰው «ቆጣቢው» ይለዋል። የሚቆጥበው ታዲያ ቃል ነው። እንዴት አደርክ ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲያመሰግኑት ኮፍያውን ነካ ያደርጋል፣ ሲቀልዱበት በዓይኑ ብቻ ይስቃል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት የሰማው በልጅነቱ መሆን አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልሰማም። እጁ ግን ሌላ ነው። እሱ የበየደውን ብረት የት ጋ እንደተያያዘ ፈልጎ ያገኘ ሰው የለም።

ነገሩ የጀመረው በመሳቢያ ነው። የላቦራቶሪው መሳቢያ አልዘጋ ብሎ የጥገና መጠየቂያ ወረቀት ሞልታ ላከች። ከምሳ ስትመለስ መሳቢያው ተሠርቷል፤ ወረቀቱም ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል፤ ከጽሑፏ ሥር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ተዘግቷል» ይላል። በሳምንቱ ወንበሯ ሲንጫጫ ደግሞ ጻፈች። «ዝም ብሏል» የሚል መልስ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት የሚጠገን ነገር ጠፋ። ያን ቀን ወይዘሪት ለምን በድርጅት ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸች፤ «መሳቢያው እንደገና ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች። የመጣላት መልስ ረዘም ያለ ነበር። «መሳቢያው ምንም አልሆነም። ግን አይቼዋለሁ።»

ይህችን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት የምታውቀው እሷና ያ የተከሰሰ መሳቢያ ናቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አራት ወረቀት ተጠራቀመ። በአካል ሲገናኙ ግን በያጁ «እርስዎ» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። የሥራ አስኪያጁ ልጅ ናታ! «አንቺ በለኝ እንጂ» ብትለው ኮፍያውን ነክቶ ሄደ። ከወደደኝ ለምን አይናገርም? ካልወደደኝስ ለምን ደህና መሳቢያ ሊያይ ይመጣል? ይህን ጥያቄ ይዛ ትተኛለች፣ ይህንኑ ይዛ ትነሣለች።

በዝግ ቦታ ውስጥ የመሥራት የደህንነት ሥልጠና የመጣው በዚህ መሀል ነው። የዘይት ታንከሮቹ በየዓመቱ ይጸዳሉ፣ የተሰነጠቀው ይበየዳል፤ ለዚህም ሰው በአንዲት ክብ ቀዳዳ ወደ ሆዳቸው ይወርዳል። ከእንግዲህ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው አይወርድም ተባለ። ለበያጆች ደግሞ ነገሩ ጠንከር ያለ ነበር፤ ሥልጠናውን ያላለፈ በያጅ ወሩ ሲያልቅ ታንከር ወደሌለበት ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ ይዛወራል። ያ ደግሞ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ወይዘሪት ለምን የጋዝ መለኪያው ኃላፊ ስለሆነች ሥልጠናው ይመለከታታል። ባይመለከታትም ምክንያት ፈጥራ ትገባ ነበር።

አሠልጣኙ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከትከሻው ላይ ገመድ የማይለይ ሰው ነው። ሠልጣኞቹ አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ጋሽ ገመድ» ብለው አጠመቁት።

«ልጆቼ» አለ ጋሽ ገመድ በመጀመሪያው ቀን፣ «እዚያ ውስጥ የሚገድላችሁ ጨለማው አይደለም፤ አየሩ ነው። አየር ሲያንስ አይሸትም፣ አያቃጥልም፣ መጣሁ አይልም። እኔ ወንድሜን ያጣሁት ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሱ ወደቀ። ጓደኛው አወጣዋለሁ ብሎ ዘሎ ገባ፤ እሱም እላዩ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው በገመድ ወገቤን ጠፍሮ ያዘኝ። ያን ጊዜ ረገምኩት። ይኸው ዛሬ ድረስ እመርቀዋለሁ።»

አፉ የማያርፈው የፓምፕ ሠራተኛ እንኳ ደብተሩን ከፈተ።

«ስለዚህ ከታንከሩ አፍ ላይ ጠባቂ ይቆማል። ጠባቂ ምን ቢመጣ አይገባም። ውስጥ ያለው የገዛ ልጁ ቢሆን አይገባም። ገመድ ይይዛል፣ በየአምስት ደቂቃው ያናግራል፣ የሰማውን ይጽፋል። ለምን ያናግራል ብትሉኝ...»

ቀና ሲል የላቦራቶሪስቷ እጅ ወጥቷል።

«እሺ፣ ጠይቂ እንግዲህ» አለ።

«ለምን?»

«አየር ያነሰው ሰው አመመኝ አይልማ! እንዲያውም ደስ ይለዋል። ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ለሚስቱ ያልነገራትን ሁሉ ይዘከዝካል። ዝምተኛው ሲለፈልፍ፣ ለፍላፊው ዝም ሲል፣ ሰው ከጠባዩ ሲወጣ አታመንቱ። መጀመሪያ አውጡት፣ በኋላ ትጠይቁታላችሁ።»

ወይዘሪት ለምን ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ያሰመረችው መስመር መልሶ እሷኑ እንደሚጠልፋት ማን ይንገራት። ከዚያ ጋሽ ገመድ ሠልጣኞቹን በዕጣ ሁለት ሁለት አድርጎ መደባቸው። የሷን ወረቀት ከፈተና «አንቺና በያጁ። እሱ ሲገባ ጠባቂው አንቺ፣ አንቺ ስትገቢ ጠባቂሽ እሱ» አላት። በያጁ ኮፍያውን ነካ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ታንከር ቁጥር ሦስት አናት ላይ ወጡ። ለልምምድ ተብሎ ባዶ የተደረገ፣ የታጠበ፣ ማራገቢያ ሲነፋበት የሰነበተ ታንከር ነው። ክቧ አፍ አንድ ሰው ብቻ ታሳልፋለች። በላይዋ ባለሦስት እግር ብረት ቆሟል፤ ከሱ ገመዱ ይወርዳል፤ የማንሻውን እጀታ የያዘው ያ የፓምፕ ሠራተኛ ነው። ላቦራቶሪስቷ የሬዲዮ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ውስጥ ያለው ሰው የሚናገረውን የምትሰማው እሷ ብቻ ናት።

ከመውረዱ በፊት መታጠቂያውን መፈተሽ የጠባቂዋ ሥራ ነው። የትከሻውን ማያያዣ ሳብ አደረገች፣ የደረቱን ቆለፈች። በያጁ ደመና የሚቆጥር ይመስል ቀና ብሎ ቆመ። ከጨርቁ ሥር የሚደልቀውን ልብ በጣቷ ሰማችው፤ ወይም የራሷን ነው የሰማችው።

«ጠበቀህ?»

«ደህና ነው።»

«ትንፋሽህን ይዘሃል።»

«የለም» አለ፤ ያን ጊዜ ተነፈሰ። የፓምፕ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

ወረደ። ከታች የእጅ ባትሪው ብርሃን ወዲያ ወዲህ ሲል ታያት። ሬዲዮዋን ተጫነች።

«ደህና ነህ?»

«ደህና።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ደህና ብላ ጻፈች። አምስት ደቂቃ ጠበቀች።

«ምን ይታይሃል?»

«ብረት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ብረት።»

«ለመሆኑ ቃል የምትገዛው በግራም ነው እንዴ?»

ብረት ሲያንኳኳ፣ የግድግዳውን ስፌት በመዶሻ ሲፈትሽ ሰማችው። እሷም ቱቦው ወደ ታንከሩ ውስጥ የወረደውን መለኪያ አየች፤ ኦክስጅን ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። ልክ ሰው የሚተነፍሰው አየር ነው። አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት ሲል ማንኳኳቱ ቆመ።

«ከዚህ ሆኜ ፊትዎ አይታየኝም» አለ በያጁ። «ስለዚህ ልናገር።»

«ምን?»

«መሳቢያሽ አንድ ጊዜ እንጂ ተበላሽቶ አያውቅም።» ሳቀ። ቆጣቢው ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። «አውቄ ነው የምመጣው። ደህና መሳቢያ ለማየት ስምንት ወር ሙሉ ሸሚዝ እየቀየርኩ። አንድ ሳምንት አልሄድም ብዬ ቀረሁ፤ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። እወድሻለሁ። ይኼው ነው። ስለተናገርኩት እንዴት እንደቀለለኝ!»

ወይዘሪት ለምን ክው አለች። ስምንት ወር የጠበቀችው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ልቧ ሳይደርስ አእምሮዋ ቀደመው። ሳቀ። ለፈለፈ። አንቺ አለ። ቀለለኝ አለ! ሁለት ጊዜ የተሰመረበት መስመር ዓይኗ ላይ መጣ።

«አውጡት!» ብላ ጮኸች። «አውጡት! ቶሎ!»

የፓምፕ ሠራተኛው ያለ የሌለ ኃይሉን እጀታው ላይ አዋለው። በያጁ የራስ ቁሩ ጠምሞ፣ መዶሻው እጁ ላይ እንዳለ፣ ለማድረቂያ እንደተሰጣ ልብስ ተንጠልጥሎ ብቅ አለ። ጋሽ ገመድ አገጩን ይዞ ዓይኑን አየ፣ ቀኑን ጠየቀው፣ የታንከሩን ቁጥር ጠየቀው። ሁሉንም መለሰ። ከዚያ ጋሽ ገመድ ወደሷ ዞረ።

«ምን ብሎ ነው ያስወጣሽው?»

በዙሪያዋ የቆሙት ሠልጣኞች ስምንት ጥንድ ዓይን ፊቷ ላይ አረፈ።

«ከ... ከጠባዩ ውጪ ተናገረ።»

«ምን ብሎ?»

አየችው። እሱም አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን መሬት ላይ አልጣለም። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ አነበበችው። ያንን ቃል ስትሰማ በሽታ ነው ብላ ነው ያስወጣችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያለችውን አንዲት መውጫ ያዘ።

«የማይረባ ነገር ነው የተናገርኩት» አለ በያጁ። «ራሴን አዞረኝ።»

ጋሽ ገመድ መለኪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አየሩ ሙሉ ሆኖ ራሱን የሚያዞረው ሰው ዝግ ቦታ አይስማማውም፤ አያልፍም ማለት ነው። ለማንኛውም ክሊኒክ ይታይ። የወጣበትን ምክንያት የምትሞላው ግን ጠባቂዋ ናት። ፎርሙን ነገ ጠዋት ታመጪያለሽ፤ ሥራ አስኪያጁም ይፈርሙበታል።»

በያጁ መታጠቂያውን ራሱ ፈታ። ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ ቀድሟት ጨረሰ። ያ የተዘረጋ እጇ እስኪመሽ ድረስ የሷ አልመስል አላት።

ከምሳ በኋላ ላቦራቶሪው በር ሥር አንዲት ወረቀት ገብታ አገኘች። የጥገና መጠየቂያ ወረቀት ናት። የጠያቂው ቦታ ባዶ ነው፤ ከታች በዚያው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። «ያንን ያልኩት ራሴን አዙሮኝ ነው። ይርሱት።»

አሥራ አምስተኛዋ ወረቀት። ይርሱት! ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ «ለምን?» አለች። ራሱን አዙሮት ከሆነ እሺ፤ ትረሳዋለች፤ ትሞክራለች። ካላዞረውስ? ቢያንስ ይህን ማወቅ ይቻላል። ፍቅርን የሚለካ ዕቃ ላቦራቶሪው ውስጥ ባይኖርም አየርን የሚለካ አለ።

የጋዝ መለኪያውን አወረደችና ከምታውቀው የፍተሻ ጋዝ ሲሊንደር ጋር አገናኘችው። ልክ የሲሊንደሩን ቁጥር አነበበ። መለኪያው አልዋሸም ማለት ነው። በየደቂቃው የመዘገበውን ከማህደሩ አወጣች። አራት ሰዓት ከአርባ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። ከአርባ አንድ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። ከአርባ ሁለት ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። ወደ ክሊኒክ ወረደች፤ ነርሷ ካርዱን አገላብጣ «እንኳን ሊያዞረው፣ እኔን ያዙረኝ! የፈረስ ጤና ነው ያለው» አለቻት። «የልብ ምቱ ብቻ ትንሽ ፈጠን ይላል።»

ሰውየው ያንን ቃል የተናገረው በንጹሕ አየር ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እንግዲያው ራሴን አዞረኝ ያለው ለማን ብሎ ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሁሉንም ያውቃል፤ የዋሸው ስሟ የፓምፕ ሠራተኛው አፍ ውስጥ እንዳይገባ፣ አባቷ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀርብ ነው። በዚህ ውሸት የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ሊሄድላት ነው። ቃል የሚቆጥብ ሰው ራሱን አለመቆጠቡ አንጀቷን አላወሰው።

የመጨረሻዋ ለምን የቀረችው ለራሷ ነበር። ለምን አስወጣሁት? መለኪያው እጄ ላይ ነበር፤ ቁጥሩን አይቻለሁ። መልሱን ስታገኘው አፈረች። ጋዝ ይኖራል ብሎ ማመን፣ ይህ ሰው ይወደኛል ብሎ ከማመን ቀሎባት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፎርሙ ባዶውን ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ወደ ፋብሪካው የሚሄዱት በአባቷ መኪና ነው። አባቷ ኮስተር ያለ፣ የፈረመበትን ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ስለሷ ሲናገር የሰማው የለም።

«ያ በያጅ ራሱን አዞረው አሉ» አለ መሪውን እያዞረ። «ያሳዝናል፤ እጁ ወርቅ ነበር። ሌላኛው ቅርንጫፍ ይጠቀምበታል።»

«እ።»

«እሁድ ደግሞ አስመጪው ወዳጄ ከነቤተሰቡ ምሳ ይመጣል። ልጁም አብሮ አለ» አለ እንደ ዘበት። «ጨዋ ልጅ ነው ይሉታል። የኔ ልጅ መሆንሽን አትርሺ እንጂ መተዋወቅ ምንም አይደለም።»

ወይዘሪት ለምን ባዶውን ፎርም አገላበጠች። መብራት ላይ ሲቆሙ ድንገት ጠየቀችው።

«አባዬ፣ እማዬን እወድሻለሁ ስትላት ምን አለችህ?»

አባቷ ዞሮ አያት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ አባቷ ግን አልነዳም።

«ምን አስታወሰሽ?»

«ለማወቅ ነው።»

«አንቺ መቼም...» መኪናውን አንቀሳቀሰ። «በእጇ ጀርባ ግንባሬን ነካችኝ» አለ በመጨረሻ። «ትኩሳት አለህ እንዴ? አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ የፋብሪካ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ የምሄድ። አባቷ ባለ ሁለት ወፍጮ ነበሩ። እብድ መስያት ነው። ሌሊቱን በኀፍረት ስቃጠል አደርኩ። በሦስተኛው ቀን መጥታ ‹ትኩሳት እንደሌለህ ነርስ ጓደኛዬን ጠይቄ አረጋገጥኩ› አለችኝ።» ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነው፤ ሳቅ ብቻ ግን አይደለም። «ይህ ሁሉ ለምን ለምን ማለት የኔ ይመስልሻል? ከሷ ነው የወረስሽው።»

ላቦራቶሪስቷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ዓይኗን ሞላው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ፎርሙ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አባቷ።

«የወጣበት ምክንያት።»

«አዞረው ነው እኮ፤ አንድ መስመር አይሞላም። ምን አስረዘመው?»

«ታነበዋለህ፤ መፈረምህ አይቀርም» አለች። መኪናው ስለተንገጫገጨ የመጨረሻው መስመር ትንሽ ጠመመ።

ጋሽ ገመድ ፎርሙን ታንከሩ ሥር ቆሞ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ። አንዴ እሷን፣ አንዴ መታጠቂያውን የሚያዘጋጀውን በያጁን አየ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሳሠለጥን እንዲህ ያለ ምክንያት ተሞልቶ አላየሁም። በርግጥ ይሂድ?»

«ይሂድ» አለች። ጋሽ ገመድ ወረቀቱን አጥፎ የፓምፕ ሠራተኛውን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ላከው፤ የማንሻውን እጀታ ራሱ ያዘ።

ያን ቀን የምትገባው እሷ ናት፤ ጠባቂዋ እሱ። በያጁ የትከሻዋን ማያያዣ ሲፈትሽ እጁ ለብረት እንደሚጠነቀቀው ያህል ተጠነቀቀ። ፊቷን ግን አላየም።

«ጠበቀዎት?»

«ደህና ነው።»

ወረደች። ታንከሩ ከታች ሆነው ሲያዩት ከጠበቀችው በላይ ሰፊ ነው። የታጠበ ብረትና የደከመ ዘይት ይሸታል። ቀና ስትል ሰማዩ አንዲት ክብ ሆኖ ተቆርጦ ይታያል፤ በክቡ ጠርዝ ላይ የበያጁ ራስ አለ፤ ጥቁር ጥላ ብቻ፣ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ያን ጊዜ ገባት። እዚህ ሆኖ የላይኛውን ሰው ፊት ማንበብ አይቻልም፤ ሰው እዚህ የሚናገረው የሚመጣበትን ሳያውቅ ነው። እሱ ትናንት እንዲህ ሆኖ ነው የተናገረው።

«ደህና ነዎት?» አለ ሬዲዮው።

«ደህና።»

«ምን ይታይዎታል?»

«ብረት» አለች። ትንሽ ቆየችና «ሌላ ብረት» አለች። ጥላው ተነቃነቀ። የልቧ ምት ከግድግዳው የሚመለስ መሰላት። «እኔም ልናገር ነው፤ ጻፍ። ትናንት ያስወጣሁህ ስለፈራሁ ነው። መለኪያውን ፈትሼዋለሁ፣ ክሊኒክ ሄጃለሁ፣ ራስህን አላዞረህም። አሥራ አራቱ ወረቀቶች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። አሥራ አምስተኛዋን ቀድጃታለሁ። እኔም እወድሃለሁ።»

ከላይ የገመዱ ጫፍ ጥብቅ ሲል ተሰማት፤ ሊያወጣኝ ነው ብላ ደነገጠች። ገመዱ ግን አልሳባትም።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለ ድምፁ። የምርመራው ጥያቄ ነው። ድምፁ ግን የምርመራ አልነበረም።

«ሐሙስ።»

«የታንከሩ ቁጥር?»

«ሦስት።»

«መለኪያሽ ስንት ይላል?»

«መለኪያዎ» ሳይሆን «መለኪያሽ» አላት። ወደ ደረቷ አጎነበሰች፤ እንባዋ መለኪያው ላይ ስላረፈ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። «ሃያ ነጥብ ዘጠኝ።»

«አሁን ያልሽውን... ድገሚው።»

በዚያ ቅጽበት የሰማዩ ክብ ላይ ሁለተኛ ራስ ብቅ አለ። መላጣውን ለማወቅ ብርሃን አላስፈለጋትም። አባቷ ነው፤ የብረት ደረጃውን ወጥቶ ወረቀቱን እንደያዘ ያለከልካል። ወይዘሪት ለምን ሬዲዮዋን አየች። በሱ ብትናገር የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከአፏ አራቀችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በሆዷ፤ ቀና ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ተናገረች።

«እወድሃለሁ!»

ታንከሩ ተቀበላት። ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ እየደጋገመ፣ በዚያች ክብ አፍ ወጣ።

«ለምን አታወጣኝም?» አለች ትንፋሽ እያጠራት።

«ምንም አልሆንሽማ» አለ በያጁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ጋሽ ገመድ እጀታውን ቀስ እያለ አዞረ። ራሷ ወደ ብርሃን ሲወጣ መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ጫማ ነው፣ ቀጥሎ እጁ ላይ የተከፈተውን ፎርም። የራሷን ጽሑፍ ከዚያው አነበበችው። «የወጣበት ምክንያት፦ ሠራተኛው እወድሻለሁ ስላለ። ኦክስጅን፦ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፤ መለኪያው ተፈትኖ ትክክል ሆኗል። የሠራተኛው ሁኔታ፦ ጤነኛ፤ አዞረኝ ያለው ለጠባቂዋ ክብር ብሎ ነው። የጠባቂዋ ሁኔታ፦ ያልጠበቀችውን ሰምታ ደንግጣለች። አልተቆጣችም። ስህተቱ የሷ ነው።» የመጨረሻው መስመር እንደጠመመ ነው።

አባቷ እሷን አላያትም። በያጁ ፊት ቆመ። በያጁ ደሙ ከፊቱ ሸሽቷል፤ ገመዱን ግን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ጠባቂ የገባው ሰው ሁለት እግሩ ውጪ ሳይቆም ገመድ አይለቅም።

«አንተ ነህ?» አለ አባቷ።

«እኔ ነኝ።»

«አዞረኝ ያልከው ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው» አለ በያጁ። «ሌላው እውነት ነው።»

አባቷ ረጅም ጊዜ አየው። ያ የሸሚዙን አንገት የተኮሰ፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የነጠበጠበ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ፣ ድሮ በመስታወት ያየውን ሌላ ልጅ ሳያስታውሰው አልቀረም። ወረቀቱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሣና በእጁ ጀርባ፣ ቀስ ብሎ፣ የበያጁን ግንባር ነካው።

በያጁ አልገባውም። አባቷን ተከትሎ የተመለሰው የፓምፕ ሠራተኛም፣ ጋሽ ገመድም አልገባቸውም። ላቦራቶሪስቷ ግን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አራት ዓመት በቤታቸው ውስጥ ያልተነሣ ስም እዚያ የታንከር አናት ላይ ሳይጠራ መጣ። የእናቷን እጅ በአባቷ እጅ ላይ አየችው።

«ትኩሳት የለውም» አለ አባቷ ወደሷ ዞሮ። እስክሪብቶ ለማግኘት ኪሱን ደባበሰ፤ አጣ፤ ጋሽ ገመድ አቀበለው። ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ፣ ከሥሩም ቀን ጻፈ።

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጥተው ወይዘሪት ለምን የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። አንድ እግሯ ውጪ፣ አንዱ ገና ታንከሩ ውስጥ ነው። በያጁ ወደሷ ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ አልጣለም፤ ገመዱንም አልለቀቀም።